ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የመብረቅ መንገድ

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተወለደው በሰሜን አሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1706 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) አገሪቱ በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቱ ጆሳያ ፍራንክሊን ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ ከሁለት ሚስቶቹ 17 ልጆች የወለደ ሰው ነበረ፤ ቤንጃሚንም 15ኛው ልጅ፣ ከወንዶቹም የመጨረሻው ነው። አባቱ የሃይማኖት ሰባኪ ሊያደርገው አስቦ ወደ ትምህርት ቤት ቢልከውም፣ ወጪው ከአቅሙ በላይ ስለ ሆነበት ልጁ በትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ይህን የምንጽፈው ያለ ትምህርት ቤት መማር ይሻላል ለማለት አይደለም። ፍራንክሊን ራሱ እንዲህ አላሰበም፤ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ በ1751 የተከፈተውንና ዛሬ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን አካዳሚ ለማቋቋም ግንባር ቀደም ሆኖ ሠርቷል።

በ12 ዓመቱ የታላቅ ወንድሙ የጄምስ የሙያ ተማሪ ሆኖ በማተሚያ ቤት ገባ። ወንድሙ ጋዜጣ ያሳትም ነበርና፣ ብላቴናው በ16 ዓመቱ አንዲት ባልቴት የጻፈችው በማስመሰል ደብዳቤ እየጻፈ ሌሊት በበር ሥር ያሾልክ ጀመር። እንዲህ ያሉ 14 ደብዳቤዎች በ1722 ታተሙ፤ የከተማውም ሰው ደራሲዋ ማን እንደ ሆነች ለማወቅ ሲጨነቅ፣ ጸሐፊው ግን እዚያው ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ይለቅም ነበር። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ወንድሙ አልተደሰተም። ጄምስ ቁጡ ነበረ፤ ይመታውም ነበር። በ1723 ፍራንክሊን ውሉን ትቶ ኮበለለና በ17 ዓመቱ ፊላዴልፊያ ገባ። ከመርከብ ሲወርድ ልብሱ ቆሽሾ፣ ኪሱ ሊራቆት ጥቂት ሲቀረው፣ ሦስት ትልልቅ ዳቦ ገዝቶ ሁለቱን በብብቱ ሸጉጦ አንዱን እየገመጠ በመንገድ ሲያልፍ፣ ኋላ ሚስቱ የምትሆነው ዴቦራ ሪድ ከደጃፏ ቆማ አይታዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ አምስት ዓመት በአጭሩ እናልፈዋለን። የራሱን ማተሚያ ቤት አቆመ፤ ጋዜጣና በየዓመቱ የሚታተም የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1731 አባሎች ገንዘብ እያዋጡ መጽሐፍ የሚዋዋሱበትን ቤተ መጻሕፍት፣ በ1736 የእሳት አጥፊዎች ማኅበርን መሠረተ። በዚያው በ1736 የአራት ዓመት ልጁ ፍራንሲስ በፈንጣጣ ሞተበት። ልጁን ሳያስከትበው በመቅረቱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ሲጸጸት ኖሯል። በ1748፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሽርካው አስረክቦ ከንግድ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሀብት ሁለት እጥፍ ለማድረግ ይሠራ ነበር፤ እርሱ ግን ኤሌክትሪክን ለመመርመር ጊዜ አገኘሁ ብሎ ደስ አለው።

በዚያን ዘመን ኤሌክትሪክ የጨዋታ ነገር ነበረ። መስተዋት በጨርቅ አሽተው ላባ ያስበርሩበታል፤ ሰዎችን እጅ ለእጅ አያይዘው በአንድ ጊዜ ያስደነግጡበታል። ፒተር ኮሊንሰን የሚባል የለንደን ነጋዴ ለፊላዴልፊያው ቤተ መጻሕፍት አንድ የመስተዋት ዘንግ ልኮ ነበርና፣ ፍራንክሊን በዚያ ዘንግና በሆላንድ አገር በተገኘው የላይደን ማሰሮ መመራመር ያዘ። ማሰሮው ውስጡና ውጭው በብረታ ብረት የተሸፈነ፣ የኤሌክትሪክን ኃይል አከማችቶ የሚያኖር ብርጭቆ ነው። ፍራንክሊን ከዚህ ተነሥቶ፣ ኤሌክትሪክ በማሸት የሚፈጠር ሳይሆን ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፍ መሆኑን፣ በአንዱ ሲጎድል በሌላው በዚያው ልክ እንደሚበዛ አስረዳ። ዛሬ በፊዚክስ ክፍል የምንጽፋቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ከእርሱ የወረስናቸው ናቸው። በዲሴምበር 1750 ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ በኤሌክትሪክ ለመግደል ሲሞክር በስሕተት የማሰሮዎቹ ኃይል በገዛ ክንዱና በደረቱ አለፈ። ራሱን ስቶ ቆየ፤ ሲነቃም የሆነውን አላወቀም። ሁለት ማሰሮ ይህን ካደረገ፣ ደመና የሚያህል ማሰሮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚያ ቀን ወዲህ ነጋሪ አላስፈለገውም።

መብረቅ በማንኛውም አገር የሚፈራ ነገር ነው። የእኛም አገር ሰው ክረምት በገባ ቁጥር ያውቀዋል፤ በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጀመሪያው ሕንፃ የጠፋው በመብረቅ ተመትቶ እንደ ሆነ ይነገራል። በአውሮፓም ከፍ ብለው የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ነበሩና፣ መዓቱ በብዛት የሚወርደው በእነርሱ ላይ ነበረ። ሕዝቡ ደወል ቢደወል ማዕበሉ ይበተናል ብሎ ያምን ስለ ነበረ፣ ደዋዩ ነጎድጓድ በሰማ ጊዜ ወደ ማማው ይወጣል፤ እርጥብ ገመድ ይዞ ከከተማው ሁሉ ከፍ ባለው ሕንፃ ውስጥ ይቆማል። እንዲህ ሆነው የሞቱት ደዋዮች ብዙ ናቸው።

ፍራንክሊን መብረቅና ከማሰሮው የምትወጣው ብልጭታ አንድ ነገር ናቸው ብሎ ጠረጠረ። ሁለቱም ያበራሉ፤ ሁለቱም ጠመዝማዛ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ድምፅ ያሰማሉ፤ ሁለቱም በብረት ውስጥ ማለፍን ይመርጣሉ። ደግሞም ጫፉ የሾለ ብረት ወደ ተሞላ አካል ሲቀርብ ኃይሉን ቀስ ብሎ እንደሚስብ ከራሱ ሙከራ ያውቅ ነበረ። ስለዚህ በከፍተኛ ማማ ላይ ረጅም ሹል ብረት ቢቆም ከደመና ኤሌክትሪክ ማግኘት ይቻላል ብሎ ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1751 በለንደን ታተመ። ፊላዴልፊያ የሚበቃ ማማ ስላልነበራት እርሱ ሲጠባበቅ፣ መጽሐፉን ያነበቡት ፈረንሳዮች ቀደሙት። በሜይ 10 ቀን 1752 ዳሊባር የተባለው ሊቅ በማርሊ መንደር ባስቆመው 40 ጫማ ብረት ላይ፣ ዘብ ጠባቂ የነበረው ጡረተኛ ወታደር ኩዋፊዬ ብልጭታ አወጣ። የመንደሩም ቄስ በበረዶ ዝናብ ውስጥ እየሮጡ መጥተው ሙከራውን ደገሙት።

ይህ ወሬ አሜሪካ ሳይደርስ፣ በዚያው ዓመት በጁን፣ ፍራንክሊን 21 ዓመት ገደማ የሆነውን ልጁን ዊልያምን ብቻ አስከትሎ ወደ ሜዳ ወጣ። ሙከራው ባይሳካ መሳቂያ እንዳይሆን ለሌላ ሰው አልተናገረም። ልጆች በነፋስ የሚያስበሩትን ካይት ከሐር መሐረብ ሠርቶ፣ በጫፉ ሹል ሽቦ ተክሎ፣ በቃጫ ሲባጎ ወደ ሰማይ ሰደደው። በሲባጎው ታች ቁልፍ አሰረ፤ እርሱ ግን የያዘው ሲባጎውን ሳይሆን ከቁልፉ ወዲህ የተቀጠለውን የሐር ጥብጣብ ነበረ፤ ሐሩም እንዳይረጥብ ከጣራ ሥር ቆመ። ደረቅ ሐር ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ጥቂት ቆይቶ የሲባጎው ክሮች እንደ ድመት ጠጉር ተቆጡ፤ ጣቱን ወደ ቁልፉ ቢያስጠጋ ብልጭታ አገኘ። በሥዕል መጻሕፍት ካይቱ በመብረቅ ሲመታ የሚያሳዩት ሥዕሎች ትክክል አይደሉም። ካይቱ ቢመታ ኖሮ አባትና ልጅ በዚያው ዕለት በሞቱ ነበር። ፍራንክሊን ያገኘው ከማዕበሉ በፊት በአየር ውስጥ የተዘረጋውን ኃይል ነው።

በሴፕቴምበር በገዛ ቤቱ ጣራ ላይ ብረት ተከለና ሽቦውን በደረጃው አጠገብ ወደ ታች አወረደው። ነገር ግን ሽቦውን በመካከል ቆርጦ ስድስት ኢንች ያህል አራራቀው፤ በሁለቱም ጫፍ ትንንሽ ደወል ሰቀለ፤ በመካከላቸውም በሐር ክር የተንጠለጠለ የነሐስ ፍሬ አኖረ። ኤሌክትሪክ የያዘ ደመና ባለፈ ቁጥር ፍሬው ከደወል ወደ ደወል እየተወረወረ ይጮኽ ነበር። አንድ ሌሊት በደወሎቹ መካከል ጣት የሚያህል ነጭ እሳት ሳይቋረጥ ሲፈስ አየ፤ ደረጃውም መርፌ ለማንሣት እስኪቻል ድረስ በራ። በእነዚህ ደወሎች አማካይነት፣ የነጎድጓድ ደመና ታች አብዛኛውን ጊዜ የመቀነስ ምልክት የምንሰጠውን ዓይነት ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ ደረሰበት። ለባለቤቱ ለዴቦራ ግን ይህ ሁሉ ፍርሃት ነበረ። እርሱ በ1757 ወደ ለንደን ከተሻገረ በኋላ ደወሎቹ ብቻዋን ባለች ጊዜ እየጮኹ እንዳስጨነቋት ጻፈችለት። እርሱም የሁለቱን ደወሎች ጫፍ በሽቦ እንድታገናኝ መከራት። ሽቦው ከተያያዘ ኃይሉ በጸጥታ ወደ መሬት ይወርዳልና፣ የሚዘለው ክፍተት አያገኝም።

በ1753 የቀን መቁጠሪያው ቤትን ከመብረቅ የሚጠብቀውን ብረት አሠራር ለሕዝብ አተመ። ቀጭን የብረት ዘንግ ይወሰድ፤ አንዱ ጫፍ ከሦስት እስከ አራት ጫማ፣ ማለት አንድ ሜትር ያህል፣ እርጥብ መሬት ውስጥ ይግባ፤ ሌላው ጫፍ ከቤቱ ከፍተኛ ቦታ በላይ ከስድስት እስከ ስምንት ጫማ ይውጣ፤ በአናቱም የሹራብ መሥሪያ መርፌ የሚያህል የሾለ የነሐስ ሽቦ ይታሰር። ሥራው ይኸው ነው፤ ማንኛውም አንጥረኛ ሊሠራው ይችላል። ፍራንክሊን በዚህ ግኝት መብት አላስመዘገበም፤ ከእርሱም አንዲት ሳንቲም አልጠየቀም። የለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር በዚያው ዓመት የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል በጣራው ላይ የሚታየው ሹል ጫፍ ሳይሆን ከመሬት በታች የማይታየው መሆኑን ነው። ይህን በሕይወቱ የከፈለበት ሰው አለ። በሴንት ፒተርስበርግ የሩስያ አካዳሚ አባል የነበረው ጌኦርግ ሪችማን የደመናን ኤሌክትሪክ ለመለካት ከጣራው ላይ ወደ ክፍሉ ብረት አስገብቶ ነበር። ብረቱ ለመለኪያው ሲባል ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ የተሠራ ነበረ። በኦገስት 6 ቀን 1753 በአካዳሚው ስብሰባ ላይ ሳለ ነጎድጓድ ሰማ፤ የሚያየውን እንዲስልለት ሶኮሎቭ የተባለውን ቀራጭ አስከትሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ከመለኪያው አንድ ጫማ ያህል ርቆ ጎንበስ ሲል፣ ጡጫ የሚያህል ሰማያዊ እሳት ከብረቱ ዘልሎ ግንባሩን መታው። ሪችማን ድምፅ ሳያሰማ ሞተ። ጫማው ተቀደደ፤ በሩም ከመቃኑ ተነቀለ። ሶኮሎቭ ወድቆ ተረፈ። መብረቁ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስላልተሠራለት፣ በሰውየው አካል በኩል መንገድ አገኘ።

ተቃውሞም አልጠፋም። በኖቬምበር 1755 በቦስተን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ ቶማስ ፕሪንስ የተባሉ ሰባኪ፣ እነዚህ ብረቶች የሰማዩን ኤሌክትሪክ በመሬት ውስጥ እያከማቹ ለመንቀጥቀጡ ምክንያት እንደ ሆኑ ጻፉ። ሌሎችም የእግዚአብሔርን ቍጣ መከላከል ድፍረት ነው አሉ። ነገር ግን በጣራችን ከዝናብ እየተጠለልን ከመብረቅ መጠለል ኃጢአት የሚሆንበት ምክንያት ለመረዳት ያስቸግራል። በ1769 በኢጣልያ፣ በብሬሻ ከተማ፣ መብረቅ ባሩድ የተከማቸበትን የቅዱስ ናዛሮ ምሽግ መታና የከተማው ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ከዚያ በኋላ የባሩድ መጋዘን ያላቸው መንግሥታት ሁሉ ስለ ብረቱ ይጠይቁ ጀመር። በእንግሊዝም ጫፉ ሹል ይሁን ወይስ ድቡልቡል የሚል ክርክር ተነሣ። ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የአሜሪካኖቹን ዓመፀኛ ሹል ጫፍ ስለ ጠላ በቤተ መንግሥቱ ድቡልቡሉን አስተከለ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ በተራራ ላይ በተደረገ ምርመራ መጠነኛ ድቡልቡልነት ያላቸው ዘንጎች ከሹሎቹ ይልቅ መብረቅን እንደሚቀበሉ ታይቷል፤ ስለዚህ ንጉሡ ምክንያቱ የተሳሳተ ሆኖ ሳለ ከእውነት ብዙ አልራቀም። ፍራንክሊንም በመጀመሪያ ብረቱ ደመናውን ቀስ ብሎ ባዶ ያደርገዋል ብሎ ነበረ፤ እንዲህ አይደለም። ብረቱ የሚጠቅመው መብረቁ በመጣ ጊዜ ተቀብሎ ወደ መሬት ስለሚያደርሰው ነው፤ ይህንንም ሁለተኛውን ጥቅም እርሱ ራሱ ቆየት ብሎ ጽፎታል።

በየአገሩ ለራሳቸው ደስታ የራዲዮ ጣቢያ አቁመው ከሩቅ አገር ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። አንቴናቸው ከፍ ብሎ የቆመ ብረት ስለ ሆነ፣ መሬት ውስጥ ካልገባ የሪችማን ብረት ነው። አንድ መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ሊይዝ ይችላል። የመሬቱ መቋቋም 10 ኦም ቢሆን፣ ሁለቱን ብናባዛ 300,000 ቮልት ይወጣል። እንግዲህ የአንቴናው ዘንግ ለብቻው፣ የቤቱ መብራት የመሬት ዘንግ ለብቻው የተተከሉ እንደ ሆነ፣ በሁለቱ መካከል ለአንድ አፍታ ይህን የሚያህል ልዩነት ይነሣል፤ መብረቁም በራዲዮው ውስጥ ዘልሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉትን ዘንግ ሁሉ በወፍራም መዳብ እርስ በርሱ የሚያስተሳስሩት፣ ሽቦውንም አጭርና ያልተቆለመመ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሁሉም በአንድነት ከፍ ካለ የሚዘለል ክፍተት የለም። ለዴቦራ በደብዳቤ የተላከው ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ጠንቃቃው ባለ ራዲዮ ደመናው ሳይቀርብ የአንቴናውን ገመድ ከመሣሪያው ነቅሎ ከቤት ውጭ ያኖረዋል፤ ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን መንካት የለበትም።

ፍራንክሊን ከዚህ በኋላ የኖረው ዘመን በአብዛኛው የመንግሥት ሥራ ነው። ለንደን ውስጥ የቅኝ ግዛቶቹ ወኪል ሆኖ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። ዴቦራ ባሕር መሻገር ፈርታ አልተከተለችውም፤ ከ1764 በኋላም ሳይተያዩ በ1774 መጨረሻ ሞተች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ ንጉሥ ምክር ቤት ፊት ቆሞ አንድ ሰዓት ያህል ሲሰደብ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ሲመለስ ግን የንጉሡ ወዳጅ አልነበረም። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ በ70 ዓመቱ ወደ ፓሪስ ተሻግሮ በ1778 የፈረንሳይን መንግሥት ረዳት አደረገ፤ በ1783 የሰላሙን ውል ፈረመ። በፈረንሳይ ሕዝቡ እንዲያ የተቀበለው ከዚያ በፊት በመብረቁ ስም ያውቀው ስለ ነበረ ነው።

ካይቱን አብሮት ያስበረረው ዊልያም በዚህ ጊዜ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ነበረ፤ ሹመቱንም ያገኘው በ1762 ከንጉሡ ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ለማለለት ንጉሥ ታማኝ ሆኖ ቀረ፤ በ1776 ታሰረ፤ ኋላም ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በ1784 ለአባቱ የዕርቅ ደብዳቤ ጻፈ። አባትየው የመለሰው በሕይወቱ እንደዚህ ያሳዘነው ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ቀዝቃዛ መልስ ነው። በ1785 ወደ አገሩ ሲመለስ በሳውዝሃምፕተን ወደብ ጥቂት ቀን ተገናኙ፤ የተነጋገሩት ግን በአብዛኛው ስለ ዕዳና ስለ መሬት ሽያጭ ነበረ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም። በኑዛዜውም ከሞላ ጎደል ምንም አልተወለትም። ከጠላቶቹ ከእንግሊዞች ጋር የታረቀ ሰው ከልጁ ጋር ሳይታረቅ መቅረቱን የሕይወቱን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ በቅሬታ ያልፈዋል።

ሌላም ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ፍራንክሊን ለብዙ ዘመን በቤቱ ባሮች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። በስተርጅና አሳቡን ለወጠ፤ በ1787 በፔንሲልቬንያ ባርነትን የሚቃወመው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 1790፣ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ባርነት እንዲቀር የሚጠይቅ ማመልከቻ ፈርሞ ለአሜሪካ ኮንግሬስ ላከ። ኮንግሬሱ አልተቀበለውም።

በ1787 በፊላዴልፊያ ቤቱን ሲያሳድስ ሠራተኞች የጣራውን ብረት አወረዱት። እርሱ በውጭ አገር ሳለ ቤቱ በመብረቅ ተመትቶ ኖሮ፣ የመዳቡ ጫፍ ከሞላ ጎደል ቀልጦ ተገኘ። ቤቱ አልተነካም፤ በውስጡ የነበሩትም ደኅና ነበሩ። ሽማግሌው በዚህ እጅግ ተደስቶ ለአንድ የኢጣልያ ሊቅ ነገሩን ጻፈለት።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በኤፕሪል 17 ቀን 1790 በ84 ዓመቱ ሞተ። ቀብሩን 20,000 ያህል ሰው ተከተለው። ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዞ ነበረ፤ ገንዘቡ ለወጣት የእጅ ሥራ ባለሙያዎች እየተበደረ ለ200 ዓመት እንዲቆይ አዝዞ ስለ ነበረ እስከ 1990 ድረስ ሠርቷል። በመቃብሩ ላይ የተጻፈው፣ ራሱ እንዳዘዘው፣ የእርሱና የዴቦራ ስም፣ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ብቻ ነው።